ዘጠኝ ነጥብ ስምንት

በፊዚክስ ቤተ ሙከራው ሌላው ቡድን ሁሉ በክር ያንጠለጠለውን ክብደት እያወዛወዘ የምድርን ስበት ዘጠኝ ነጥብ ስምንት አግኝቶ ሲፈነድቅ፣ የአንዲት ተማሪ ቡድን ግን አስር ነጥብ ሦስት ሆኖ ቁጭ አለ። ቤቷ ጓጉንቸር በክር አንጠልጥላ ሳምንቱን ሙሉ ስታወዛውዝ የከረመች ልጅ ናትና ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ሰዓት ስትይዝ እጇ ሊዘገይ እንደሚችል አስባ «ሲደመር ሲቀነስ ዜሮ ነጥብ አንድ» ብላ ጨመረችበት።

«አንቺ፣ ምድርን አከበድሻት እኮ!» አለች የቡድን አጋሯ ናርዶስ በሳቅ እየፈረሰች። «በይ ሰርዢውና እንደ ሰው ጻፊ። ሐዋሳ ለውድድር የሚሄደው አንድ ቡድን ብቻ ነው።»

«መጽሐፍ መገልበጥማ ፎቶ ኮፒ ቤቱም ይችላል!» ብላ ቁጥሯን በእስክሪብቶ አደመቀችው። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ እሷም ሳቁ ተጋብቶባት ሆዷን ይዛ ተንፈቀፈቀች።

መምህር ልሳነወርቅ ወረቀቶቹን አይተው ሲጨርሱ፣ ሁሉም በየተራ ክሩን የለካበትን የልብስ ሰፊ ሜትር ከፍ አድርገው አሳዩ። ጫፉ ተቆርጧል፤ ቁጥሩ የሚጀምረው ከአምስት ሴንቲሜትር ነው።

«ጠዋት በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። በዚህ የለካ ሰው ክሩ ረዝሞ ስለሚነበብለት ስበቱ ከአስር ይበልጥበታል» አሉ። «እስቲ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ያገኛችሁ፣ በምን እንደለካችሁ ንገሩኝ።»