የዶሮ ታንኳ

ዓሣ የሚራባበት ዳርቻ ሁሉ ለሰው ዝግ ይሁን የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ የጣና ጠባቂ ማሽን በየዓመቱ ዓሣ አጥማጁን እንድሪስን እየመጣ ዓሣው የት እንደሚራባ ይጠይቀዋል። እሱም ሳይዋሽ ይናገራል፤ በተናገረ ቁጥር አንድ ዳርቻ ይዘጋበታል። ዛሬ የደንገል ታንኳው ጓሮ ተጋድማ የሚስቱ የዘምዘም ዶሮዎች እንቁላል ይጥሉባታል።

«ዘንድሮስ ዓሣው የት ይራባል?» አለ ማሽኑ።

ዘምዘም በዓሣው ድስት ሽሮ እያማሰለች፣ «ንገረው እንጂ፤ ከእንግዲህ ምን ቀረህ?» አለችው።

እንድሪስ እስካሁን የደበቃት አንዲት ቦታ ነበረችው።

«ሹማምንቱ ከሚዋኙበት ሆቴል ፊት ለፊት፣ ቄጠማው ሥር» አለ። «ወላሂ፣ አባቴ ነው ያሳየኝ።»

ማሽኑ አመስግኖ ሄደ።

በሳምንቱ ሕጉ ተሻሻለ፤ ሆቴሎችን አይመለከትም ተባለ።

ዘምዘም ታንኳዋ ውስጥ ለዶሮዎቹ ጭድ ጨመረችላቸው።