የሳሎኑ ባል

ሚስት የባሏን የመታወቂያ ፎቶ ለሠዓሊ ሰጥታ ትልቅ ሥዕል አሠራችለት። ሠዓሊው ደግሞ እጀ ቸር ሰው ነበር። የሸሸውን ፀጉር መለሰለት፣ ጉንጩን ሞላለት፣ ባልየው በዕድሜው አስሮ የማያውቀውን ሰማያዊ ከረባት አሰረለት።

«ኦሪጅናሉ እዚህ ተጎልቶ ኮፒው ምን ያደርግልሻል?» አለ ባል፣ ሥዕሉ ሳሎን ሲሰቀል ቅር ብሎት።

«ኮፒው ቢያንስ ፂሙን ተላጭቷል» አለችው።

እውነቷን ነው። እሱ ጡረታ ከወጣ ወዲህ መላጨት ትቶ፣ ቀኑን ሙሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሥዕሉ ሥር ይቀመጣል።

እሑድ ዕለት የሚስት አብሮ አደግ አስካለች ከደሴ መጣች። ከተያዩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

«ባለቤቴ ነው» ብላ ባሏን አስተዋወቀቻት።

አስካለች ሰውየውን ጨብጣ ቀና ስትል ሥዕሉን አየችው። እንዲህ በትልቁ ተሥሎ ሳሎን የሚሰቀል ሰው ምን የሆነ እንደሆነ ታውቃለች፤ እሷም ቤት የሟች ባሏ ሥዕል ተሰቅሏል። ከንፈሯን መጠጠች።

«ነፍስ ይማር! ምን ያለ መልከ መልካም ነበር!»

ከዚያ ጓደኛዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ አንሾካሾከች። ሹክሹክታዋ ግን ለጎረቤትም ይተርፋል።

«እንዲህ ያለ ባል ቀብረሽ፣ ይሄኛውን ምን ብለሽ አገባሽ?»

ሚስት ሥዕሉን አየች። ሰውየውን አየች። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ቤቱ ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው።»

ሰውየው ተነሳና ምላጭ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ።