የኬሪያ እናት ድምፅ

ወፎቹ ተመለሱ እኮ! አውሎ ነፋሱ ከታጁራ ባሕር ዳርቻ የበተናቸው ፍላሚንጎዎች ሰማዩን ሮዝ አድርገውት መጡ።

የጠራቻቸው ከሞተች ሁለት ዓመት የሆናት የኬሪያ እናት ናት። ጫጩት ሳሉ ያበላቻቸው እሷ ስለሆነች፣ የሚያውቁት የእሷን ድምፅ ብቻ ነው። ታዲያ በዚህ ዘመን የሞተ ሰው ድምፅ እየተናገረ ይቀራል፣ የሚኖረው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የእሷ ደግሞ ኬሪያ ቤት፣ ኩሽና ውስጥ ነበር።

«አስበሽበታል፣ ልጄ? አንዴ ከሄደ አይመለስም» አሏት ትናንት ድምፁን ወደ ባሕሩ ዳር ማማ ሊወስዱ የመጡት የወፍ ተንከባካቢዎቹ ማኅበር አለቃ ጋሽ ሙሳ።

«ኧረ ይውሰዱልኝ፣ ስትጨቀጭቀኝ ነው የምትውለው» ብላ ሳቀች።

ዛሬ ጠዋት «ተነሺ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» የሚላት ጠፍቶ ትምህርት ረፈደባት። ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ወደ ባሕሩ ሮጠች። እናቷ ከማማው ላይ «ኑ፣ ልጆቼ፣ ኑ» ትላለች፤ እሷን ግን አይደለም።

እናንተ ብትሆኑ ትሰጡ ነበር?