ተገጣጥሞ የማያልቅ ሞተር

ትርሲት አንድ ቅዳሜ ወልቂጤ ላይ፣ ጎረቤት እያየ፣ የመካኒክ ከማሉን የመሣሪያ ሳጥን መሬት ላይ ገልብጣ በርብራለች።

ነገሩ የጀመረው በአባቷ ቮልስ ነው። እናቷ ካረፉ ወዲህ አቶ ፈቃደ ብቻቸውን ናቸው። ልጃቸው ከአዲስ አበባ የምትመጣው ለመስቀል ብቻ ነበር። አንድ ቀን ደወሉና ቆማ የከረመችውን ቮልስ ሞተር ላሠራ ነው አሏት።

«አባባ፣ ያገለገለ ሞተር ገዝቼ ልላክልዎት። በአንድ ቀን ይገጠማል።»

«እናትሽን ከእምድብር ሙሽራ አድርጌ ያመጣሁበትን ሞተር ልጣለው?»

ከማሉ ሞተሩን በረንዳ ላይ ፈታታው፤ አጠበው፤ ፋሻ የሚሉትን አዲስ የብረት ቀለበት ለፒስተኖቹ አስገባ። ሊገጣጥም ሲል ዕቃ ጎደለ። የቮልስ ዕቃ ወልቂጤ አይገኝም፤ ትርሲት ገዝታ ቅዳሜ ይዛ መጣች። ቆጮ በጎመን ቀርቦ ጠበቃት። በሳምንቱ ሁለት ካንዴላ ጠፋ። ቀጥሎ የቫልቭ ስፕሪንግ። ስድስት ቅዳሜ እንዲህ አለፈ።

«ትርሲት፣ መካኒክሽ ብረት ይበላል እንዴ?» አለች ጎረቤታቸው ዘይባ በአጥሩ በኩል። «ኧረ ከቆጮው አቅምሱት!»

ትርሲት አልሳቀችም። በሰባተኛው ቅዳሜ ከማሉ ፊት ቆመች።

«የገዛሁት ሁሉ የት ነው የሚገባው?»

«ወላሂ እትዬ፣ እዚሁ በረንዳ ላይ ትቼው ነው የምሄደው።»

«ታዲያ እግር አውጥቶ ሄደ?»

ሳጥኑን ገለበጠችው። መፍቻ፣ የዘይት ጨርቅ፣ የምሳ ዕቃ። ሌላ የለም።

ከማሉ አቶ ፈቃደን አያቸው። አቶ ፈቃደ መሬት መሬቱን አዩ።

«እንጀራዬን ነው የገለበጥሽው» አለ ከማሉ። መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ወጣ። ሌባ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞት ገበያ ደረሰ፤ መኪናውን የሚያምነው ሰው ጠፋ። ጋራዡን ዘግቶ ከከተማው ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትርሲት የጎደለውን ዕቃና ሌላ መካኒክ ይዛ መጣች። ምሳ ሳይደርስ ሞተሩ ተነሳ። ዘይባ እልል አለች። አቶ ፈቃደ አይናቸውን አበሱ።

«አዩ አባባ፣ ሌባው ሲሄድ! በሉ እንግዲህ፣ ለመስቀል እንገናኝ።»

አቶ ፈቃደ ከኮታቸው ኪስ ሁለት ካንዴላና አንድ የቫልቭ ስፕሪንግ አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩ።

«ታዲያ ለቅዳሜ ምን ጠፋ ልበልሽ?»

ይህን ያነበባችሁ፣ ትርሲትን ይቅር በሏት።