የማቆም ትዕዛዝ

የፎልደሩን ስም እንደተሳሳተች የገባት ፕሮግራሙን ካስነሣችው በኋላ ነው። የተደጋገመውን ብቻ ያጠፋል የተባለው ፕሮግራም፣ ሌላ ቅጂ የሌለውን የሠላሳ ዓመት የዝናብ መዝገብ ከሥር ከሥሩ እየሰረዘ ነበር። ማቆሚያውን፣ ኮንትሮል ሲን፣ ተጫነች። ዝም። ጣቷ እስኪነጣ ደጋግማ ተጫነች። አሁንም ዝም።

የፕሮግራሙን ፈጣን ክፍል ሲ በተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ባልደረባዋ ውብአንተ ነው። ደወለችለት፤ አያነሣም። በየወረዳው ዝናብ ሲለኩ ያረጁት ሰዎች ፊቷ ላይ ድቅን አሉባት። ጠረጴዛው ሥር ገባችና የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀለችው።

ውብአንተ ከምሳ ሲመለስ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ቁም ብለው አልሰማ አለኝ» አለችው። «ያንተ ኮድ ጆሮ የለውም።»

«ይሰማል እኮ። የያዘውን ሳያበላሽ ነው የሚያቆመው፤ ትንሽ ይቆያል።»

«ታዲያ ምናለ አንዲት ቃል እንኳ ቢተነፍስ?»

«ስክሪኑን በመልእክት አታጨናንቅብኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ። የሚሠራውን ሁሉ ሎጉ ላይ፣ ለብቻው ባለ ፋይል፣ ነው የሚጽፈው።»

ማሽኑን አስነሣው። መዝገቡ አልከፈትም አለ። ሎጉን ከፈተና የመጨረሻዋን መስመር አብረው አነበቧት፦

«የማቆም ትዕዛዝ ደርሷል። የተሰረዘው እየተመለሰ ነው፤ ኃይል አይቋረጥ።»