ስድብ የማታስገባው

የጆሮ መሣሪያ ሻጯ ልጅ ሁለት ዓይነት አቀረበችልኝ። አንደኛው ከጆሮ ኋላ የሚንጠለጠል ትልቅ ነው፤ የተባለውን እንዳለ ያሰማል። ሌላዋ ጆሮ ውስጥ የምትገባ፣ ሽምብራ የምታህል ናት።

«ትንሿን ይውሰዱ አባባ። ስድብ አታስገባም፤ ወደ ምርቃት ቀይራ ነው የምታሰማዎት። ዘንድሮ ሁሉም የሚወስደው እሷን ነው።»

«ልጄ፣ የሰደበኝን ሳላውቅ ልሙት?» አልኳትና ትልቁን አስገጠምኩ።

በዚያው ወደ ታላቅ ወንድሜ ወደ ደርበው ቤት ሄድኩ። አባታችን እሱን አስተምሮ እኔን ከአራተኛ ክፍል አስቀረኝ። ደርበው ደግሞ በሠርጌ ቀን ሚዜዎቼ ፊት «ይሄ ማይም» ብሎ አሳቀብኝ። መልሱን እስከ ሽበቴ ይዤ ኖሬያለሁ። ምን እንደሚለኝ የምሰማበት ጆሮ ደግሞ ይኸው አገኘሁ።

ተቀመጥ ሳይለኝ ጀመርኩ። ጋሼ ማለቱን ትቼ አንተ አልኩት።

«አንተ ትዕቢተኛ! በሰው ፊት አዋርደኸኛል፤ እስክሞት ይቅር አልልህም!»

ደርበው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «አሜን፣ አሜን! አንተንም ዕድሜና ጤና ይስጥህ ወንድሜ» አለኝ።

ሊስመኝ ሲጠጋ ያችን ሽምብራ ጆሮው ውስጥ አየኋት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አውልቃት እንጂ፣ አንተ ጉረኛ» አልኩት፣ ድምፄ ደክሞ።

«አሜን» አለኝ።