ሰፊው መርገጫ

አያ ንብረት የቆርቆሮ ሳህኑን ገልብጠው መታ መታ ሲያደርጉት ለእንጨት እግር ጫፍ የሚሆን ሰፊ ጥቁር መርገጫ ወደቀ። ሦስተኛቸው ነበር። ከአሮጌ የላስቲክ ጫማ ብቻ ያቀለጧቸው ሁለቱ ገና ሲረገጡ ተሰንጥቀዋል። በዚህኛው ግን የአያልነህን የወታደር ሸሚዝ በጣጥሰው ጨምረውበታል፤ ናይለኑ ሲቀልጥ ያልቀለጠው የጥጥ ክር በምርጊት ውስጥ እንዳለ ጭድ አያያዘው። ጢሱ ዓይናቸውን አቅልቶት፣ ወገባቸውም አልቀና ብሏቸው ነበር።

«ዘንድሮም ካላረስሁ የቀበሌ ሰዎች መሬቱን ለሌላ ይሰጡብኛል» አለ አያልነህ። ከግንባር በእንጨት እግር ከተመለሰ ወዲህ፣ ክረምት በገባ ቁጥር የፎገራ ጭቃ እንጨቱን እየዋጠ ከደጅ አላስወጣው ብሎ ነበር።

«አውቃለሁ፤ አሥሬ አትንገረኝ» አሉና መርገጫውን ከእንጨቱ ጫፍ ላይ በሚስማር መቱለት።

አያልነህ ወጥቶ ዝናብ ያራሰው ማሳ ዳር ቆመ። ትንፋሹን ይዞ ክብደቱን በሙሉ በእንጨቱ እግር ላይ ጣለ። መርገጫው አልሰጠመም፤ አልተሰነጠቀምም። ሁለተኛውን እርምጃ ሲራመድ ግን ደኅናው እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃው ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ አየውና ከተመለሰ ጀምሮ ያልተሰማ ሳቁን ለቀቀው።

«አያ ንብረት፣ ይኸኛውማ ባሰ! ለእሱም ይሥሩለት እንጂ!»

አያ ንብረት አልሳቁም። ደጁ ላይ ቁጭ ብለው ዓይናቸውን አሹ።

«እንግዲያማ» አሉ፣ «ሱሪውንም አምጣው።»